ሽምደዳ ለሽያጭ

የቼዝ መክፈቻ ትምህርት በኢንተርኔት የሚሸጡ ሰዎች ለጀማሪው የሚያቀርቡለት ተስፋ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት እርምጃዎች ከአንድ ታላቅ ሊቅ ተማር፣ ድሉ በእጅህ ነው ይሉታል። ዋጋውም እንደ ተስፋው ቀላል ቢሆን ኖሮ ክርክር ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ለሚኖር ተማሪ ያ ገንዘብ የውድድር መመዝገቢያውና የመጓጓዣው ገንዘብ ነው። በአዲስ አበባ ያለው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ሲቸግረው ባሕር ማዶ ያለ ዘመዱን ያስቸግራል። እንግዲህ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

የሚገዛው ሽምደዳ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ እርምጃ ያሳያል፣ ተማሪው ይደግመዋል፤ ከቀናት በኋላ ያው እርምጃ ተመልሶ ይጠየቃል፤ የሳተው ቶሎ፣ ያወቀው ዘግይቶ ይመለስለታል። ዘዴው ለማስታወስ እንደሚረዳ አይካድም። ችግሩ የተሸመደደው ነገር ሰሌዳው ላይ የማይመጣ መሆኑ ነው። ሲሲሊያን ከሚባለው መከላከያ ናይዶርፍ የተባለውን ቅርንጫፍ የገዛ ወጣት በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮችን ያጠናል። ናይዶርፍ የሚጀምረው ጥቁሩ በ5ኛው እርምጃ በንግሥቲቱ ወገን ያለውን የጫፍ ወታደር አንድ ቤት ሲገፋ ነው። ቅዳሜ ክበብ ሄዶ ሲቀመጥ ግን ነጩ ገና በ2ኛው እርምጃ ጳጳሱን አውጥቶ በሌላ መንገድ ሄዷል። ተጋጣሚው ትምህርቱን አልገዛማ! ያ ሁሉ መስመር ለማይመጣ እንግዳ የተጋገረ እንጀራ ሆኖ ይቀራል።

ከ1894 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከር አንድን ጀማሪ በ200 ሰዓት ለማሠልጠን ባወጣው ድልድል ለመክፈቻ የሰጠው 10 ሰዓት ብቻ ነው። ለመጫወትና የተጫወቱትን ለመመርመር ግን 120 ሰዓት መድቧል። ዘውዱን የወሰደበት ካፓብላንካም ትምህርት ከጨዋታው ፍጻሜ ይጀመር ባይ ነበር። ቦቢ ፊሸርማ መክፈቻን እጅግ አጥንቶ ሲያበቃ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የኋላው ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ የሚደረደሩበትን ጨዋታ አወጀ፤ 960 ዓይነት አደራደር አለውና ሸምድዶ የሚዘልቀው የለም።

የኢትዮጵያ ሰው ይህን ነገር ከጥንት ያውቀዋል። በአገሩ ሰንጠረዥ መክፈቻው ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እንደ ፈቃዳቸው ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱም የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል። እዚያ ላይ የሚያድነው ዓይን እንጂ በቃል የተያዘ መስመር አይደለም። የቅኔ ቤትስ ልማድ ከዚህ ይለያል? ተማሪው ዳዊትን በቃሉ ይዞ ቢመጣም የሌላውን ቅኔ ተሸክሞ ቢቆም ባለቅኔ አይባልም። ከካምፓላው የካትዌ መንደር የወጣችው ፊዮና ሙቴሲም በ2012 እ.ኤ.አ. በኢስታንቡሉ ኦሊምፒያድ የሴቶች ዕጩ ሊቅነት ማዕረግ ያገኘች ናት፤ ጨዋታውን የተማረችው ግን በአሠልጣኟ በሮበርት ካተንዴ ሥር፣ ከሰፈሯ ልጆች ጋር ሰሌዳ ዙሪያ ተቀምጣ ነው።

አሠልጣኝ በድካሙ እንጀራ አይብላ የሚል የለም። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚወዳደር፣ ተጋጣሚው የቀድሞ ጨዋታዎቹን አጥንቶ የሚመጣበት ሰው ቢከፍል ያዋጣዋል። ለሌላው ግን ሊቼስ የተባለው ነጻ የኢንተርኔት ገበታ የሊቃውንቱን ጨዋታ ከነመክፈቻው ያለ ክፍያ ያሳየዋል። ያም ሆኖ ነጻው ነገር እምብዛም አይፈለግም፤ ምክንያቱም የሚያሳፍረውን ሥራ ለባለቤቱ ይተውለታል። የከፈለ ሰው ሽንፈቱን በመክፈቻው ላይ ያላክካል፣ መድኃኒቱንም የገዛ ይመስለዋል። በ30ኛው እርምጃ ፈረሱን በከንቱ ማስበላቱን ግን ማን ይይለት?

ካርዱን ከማውጣቱ በፊት የመጨረሻዎቹን 20 ሽንፈቶቹን ይዘርጋና ስንቱ ከዐሥረኛው እርምጃ በፊት እንደ ተበላሸ ይቁጠር። ግማሹ ያህል ከሆነ ይግዛ። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ ግን የሚቀጥለው ውድድር መመዝገቢያ ስንት እንደሆነ ይጠይቅ።