«የቢቸና ማኛ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጤፍ ልትገዙ እህል ቤት ስትገቡ ነጋዴው መጀመሪያ የሚነግራችሁ ምንድን ነው? «ይሄ የአድአ ነው፣ ያ የጎጃም ነው፣ ይቺ ደግሞ የቢቸና ማኛ ናት» ይላችኋል። እናንተም ከጆንያው አፍ ላይ አንድ እፍኝ ትዘግናላችሁ፣ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋችሁ ታያላችሁ፣ ከነጣ ትከፍላላችሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ነጋዴ፣ በአንድ ስምና በአንድ ዋጋ፣ በሁለት ወር ልዩነት ግማሽ ግማሽ ኩንታል ገዛን። የመጀመሪያው ውሃ አነሳ፣ ሊጡ በረከተ፣ የእንጀራው ዓይን የማር እንጀራ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲጠቀለል እንኳ አይሰነጠቅም። ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጥ ነጭ ነው። ግን ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በማግስቱ ጠርዙ ይደርቃል። ነጋዴውን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ጤፍ እኮ ነው፤ የፋብሪካ ዕቃ አይደለም» አለኝ። መልሱ አናደደኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ግማሹ እውነት ነው። ጤፍ የእጅ ሥራ ነው። የእጅ ሥራ ከሆነ ግን የማን እጅ እንደሠራው ማወቅ ነበረብን።

«ማኛ» የሚለው ስም ራሱ ተምታቷል። ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ማኛ ብሎ ያወጣው ዝርያ ነበር፤ በጣም ነጭ፣ ምርቱ ግን አነስተኛ። ዱከም የተባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ ምርት ይሰጣል፤ ቀለሙን ግን ገበያው አልወደደለትም። ሁለቱ ተዳቅለው በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዝርያ ነው ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ቁንጮ። ቁንጮ ቢቸናም ይዘራል፣ ሞጣም ይዘራል፣ አድአም ይዘራል። ዘሩ አንድ ከሆነ እንግዲህ የቦታው ስም የሚነግረን ስለ ምንድን ነው?

አንደኛው አፈሩ ነው። ቢቸና ዙሪያ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ አፉን ከፍቶ ይሰነጠቃል። ሞጣ ደግሞ ቀይ አፈር ይበዛበታል። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ሙከራውን በሁለቱም ቦታ የሚያካሂደው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ «የጎጃም ጤፍ» ብሎ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ራሱ ስንፍና ነው።

ትልቁ ነገር ግን አውድማው ነው። ሌላ እህል ውስጥ አፈር ቢገባ በወንፊት ይለያል። ጤፍ በአንድ ግራም ወደ 3000 ፍሬ የሚይዝ ደቃቅ ነገር ስለሆነ አሸዋው ከፍሬው እኩል ይሆንና አብሮት ያልፋል። አንዴ ከገባ ገባ። ስለዚህ የጤፉ ጥራት ግማሹ የሚወሰነው ገና ነዶው ሳይበራይ ነው። እናቴ አውድማው ተደልድሎና ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ በእበት ትለቀልቀዋለች፤ ሲደርቅ እንደገና፣ ሲደርቅ እንደገና። ሦስተኛው ላይ በእጇ መዳፍ ጠረግ አድርጋ ታየዋለች፤ አቧራ ካነሳ ገና ነው። አንድ ጊዜ ለቅልቆ በሬ የሚያስገባ ጎረቤትም ነበረን። አሁን አሁን ሸራ የሚያነጥፉ አሉ፤ ጥሩ ነው።

(ስለ ጤፍ ብረት ስንኩራራ የምንረሳት ነገር አለች። ተመራማሪዎች ጤፉን አጥበው ሲለኩት ከዚያ ብረት ቀላል የማይባለው ከአውድማ አፈር የመጣ መሆኑን ካሳዩ ቆይተዋል። የበላነው መሬቱን ነው።)

አሁን ሁለቱ ጎረቤታሞች ጤፋቸውን ጭነው ገበያ ወጡ እንበል። ሰብሳቢው ምን ያያል? ቀለም። ሦስት ጊዜ የለቀለቀችውም አንዴ የለቀለቀውም ቀለሙ እኩል ነጭ ከሆነ ዋጋው እኩል ነው፤ እዚያው መጋዘን ወለል ላይ ይደባለቃል። እንዲያውም አፈር የገባበት በሚዛን ላይ ይጠቅማል። ኅዳር ላይ ያለወቅቱ ዝናብ መጥቶ የተኛ ጤፍ ያገኘበት ገበሬ ደግሞ፣ አውድማው እንደ ሰሃን የጸዳ ቢሆንም፣ ቀለሙ ስለደበዘዘ ብቻ ይወርድበታል። ሌላም አለ። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በጎተራ ዓመታት ይቀመጣል። ይህ በረከት ነው፣ ግን ዕድሜውን ይደብቃል። የዘንድሮውና የካቻምናው በአንድ ጆንያ ሲገቡ የሚናገር የለም። ቤት ውስጥ ግን ሊጡ ይናገራል።

እናቴ በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ጊዜ የምትለቀልቀው ለምንድን ነው? ለራሷ ጎተራ ብቻ! ለገበያ የሚሄደውን ማን አየላት?

ኩባን አብዛኞቻችን የምናውቃት በካራማራ ነው፤ ዓለም ግን የሚያውቃት በሲጋሯ ነው። (አጭሱ እያልኩ አይደለም።) የሃቫና ሲጋር በእጅ ይጠቀለላል። ጠቅላዩ ካጠበቀው ጭሱ አይሳብም፣ ካላላው ቶሎ ነዶ ያልቃል። እነሱም ጋ የቀለም ነገር አለ፤ በአንድ ሳጥን የሚገቡት በቀለም ተመርጠው ከጠቆረው ወደ ፈካው ይደረደራሉ። ይህ ግን ለዓይን ነው። ጭሱ መሳቡን ለብቻው በመሣሪያ ይፈትሻሉ፤ ከሳጥኑ ሥር ደግሞ የፋብሪካው መለያና የታሸገበት ወርና ዓመት ይታተማል። ገዢው ሲከፋው የትኛው ቤት፣ የትኛው ወር እንዳስከፋው ያውቃል። የእኛ ቡናም ቢሆን ቀማሽ አለው፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ምርት ገበያ ባለሙያዎች ሲኒ ደርድረው እየማጉ ነጥብ ይሰጣሉ። በየቀኑ የምንበላውን ጤፍ ግን ገርመም አድርገን እናልፈዋለን።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ጆንያው ላይ ቀበሌው፣ ዝርያውና የተወቃበት ወር ይጻፍ። ከቀለሙ ሌላ አሸዋው ይለካ፤ ለንጹሑ ተጨማሪ ይከፈል። «ዋጋ ያስወድዳል» የሚሉኝ አሉ። አሸዋ በጤፍ ዋጋ ከመግዛት በላይ ውድ ነገር የለም። ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው፤ አንድ ገበሬ የሚያወጣው ትንሽ ስለሆነ ለየብቻ መለየት አይቻልም። ግን እኮ ጤፍ በደቦ ነው የሚወቃው። በአንድ አውድማ የሚወቁ ጎረቤታሞች በአንድ ስም ቢሸጡ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ያንን ስም ሳይደባልቅ ቢያሳልፍ፣ ሰነፉን የሚቆጣው ጎረቤቱ ይሆናል። ከጎረቤት የበለጠ ተቆጣጣሪ ደግሞ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት እህል ቤት የሄድኩት ብርጭቆና ውሃ ይዤ ነው። ነጋዴው ሳቀብኝ። ከሦስት ጆንያ፣ ከአፉ ሳይሆን እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ፣ ትንሽ ትንሽ ዘገንኩ። በውሃ አዙሬ አዙሬ ጤፉን ሳፈስ ከሁለቱ ሥር አሸዋ ቀረ። ከአጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት «እስቲ ልጄ፣ የኔንም እይልኝ» አሉኝ፤ ያኔ ነጋዴው መሳቁን ተወ። የገዛሁት ሦስተኛውን ነው። ከሦስቱ ቀለሙ ጠቆር ያለው እሱ ነበር።