በቅዱስ ላሊበላ ደብር ዙሪያ ስላሉት የድንጋይ ቤቶች

በላስታ ከዐለት ተፈልፍለው የተሠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት ዝናቸው በዓለም ሁሉ የተሰማ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠርም በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ከቅጽሩ ወዲያ ስለ ቆሙት ክብ ቤቶች ግን የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

እነዚህ ቤቶች በአገሩ ቀይ ድንጋይ የተገነቡ፥ ባለ ሁለት ደርብ፥ ክዳናቸው ሣር ነው። ንጉሥ አልሠራቸውም፤ ካህኑና ገበሬው ሠሯቸው እንጂ። ቀዳሹ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ኪዳን የሚወርደው ከእነዚህ ቤቶች ነበር።

በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአጠገቡ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። ምክንያቱም የመንደሩ ፍሳሽና ጢስ ቅርሱን ይጎዳል የሚል ነው። ስለ ፍሳሹ የተባለው ሐሰት አይደለም፤ ውሃ የገባበት ዐለት ይፈርሳልና። ዳሩ ግን ፍሳሽ በቦይ ይመለሳል፤ ከቀየው የወጣ ሰው በምን ይመለሳል? የተወቀሰው ጢስስ የሣሩን ክዳን ከብልና ከእርጥበት ሲጠብቅ የኖረ እርሱ አይደለምን? እሳት ያልነደደበት ጎጆ ክዳኑ በጥቂት ክረምት ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ የግንቡን ጭቃ ያጥበዋል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ለአንዳንዶቹ በ2008 ዓ.ም. (ይህም በፈረንጅ ነው) በብረት ምሰሶ የቆመ ታላቅ መጠለያ ተሠርቶላቸዋል፤ ለጎረቤታቸው ግን አንድ ሸክም ሣር ጠፋ።

በቤተ ማርያም ቅጽር ውስጥ አንድ ኩሬ አለ፤ ልጅ የሚሹ ሴቶች በልደት በዓል ይጠመቁበታል። ኩሬው እንዳይጎዳ ሴቶቹ ይራቁ የሚል ቢነሣ ካህናቱም ምእመናኑም በአንድ ቃል ይቃወሙት ነበር፤ ያለ ተጠማቂ ጸበሉ ተራ ውሃ መስሎ ይቀራልና። ለኩሬው የታወቀው ነገር ለቤቱ እንዴት ተሰወረ?

ባለቤቶቹ ራሳቸው ቆርቆሮ ይመርጣሉ የሚሉ አሉ። ቢመርጡ አይፈረድባቸውም፤ ሜዳው ታርሶ ሣር ከተወደደ ድኻ ምን ያድርግ? ለቅርስ ከሚወጣው ገንዘብ ለሣርና ለግንበኛ ጥቂት ይከፈል፤ ካህኑም በአባቱ ቤት ይቀመጥ። በከተማው ውስጥ ለእንግዳ የሚሠሩ ማደሪያዎች እንኳ የእነዚህን ክብ ቤቶች መልክ እየቀዱ ገንዘብ ያገኙበታል።