እጄ ትንሽ ነው፤ ጊታሩ ይቅርብኝ?

ለትምህርት ጎንደር ከተማ የመጣች የዳባት ልጅ እንዲህ ስትል ጽፋልናለች።

‹‹ክላሲካል ጊታር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አስተማሪ የለኝም፤ ከመጽሐፍና ከስልክ ነው የምማረው። እስከ አራተኛው ፍሬት ድረስ ደህና ነኝ። ከዚያ በላይ ልውጣ ስል ግን እጄ ይደናበራል፣ ዜማው ይቆረጥብኛል። ጊታሩ የወንድሜ ነው። ‹ጣትሽ አጭር ነው፣ ደግሞስ ሴት ልጅና ጊታር ምን አገናኛቸው?› እያለ ሊሸጠው ነው፤ ገዢም አግኝቷል። ተስፋ ልቁረጥ ወይ?››

ኧረ በፍጹም! ይኸውልሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ለወንድምሽ እንመልስለት። በ2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ የሀገር ልብ የሰረቀች ሴት ናት። ፈረንሳዊቷ ኢዳ ፕሬስቲም ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የክላሲካል ጊታር ተጫዋቾች አንዷ ነበረች። እኛ ጋ በአዝማሪ ቤት ብዙውን ጊዜ ማሲንቆውን ወንዱ ይመታል፣ ሴቷ ታዜማለች። ይህ ግን የልማድ ጉዳይ እንጂ የጣት ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ። ከአራተኛው ፍሬት በላይ ለመሄድ እጅ መዘርጋት የለበትም፣ መራመድ ነው ያለበት። የቱንም ያህል ረጅም ጣት ያለው ሰው አንድ ቦታ ቆሞ 12ኛው ፍሬት ላይ አይደርስም። ይህ የእጅ እርምጃ ፖዚሽን መቀየር ይባላል። ፖዚሽኑ የሚጠራው አመልካች ጣት ባለበት ፍሬት ነው፤ ሦስተኛው ላይ ከሆነ ሦስተኛ ፖዚሽን ማለት ነው። ደግሞ ወደ ሳጥኑ በተጠጋሽ ቁጥር ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ። የክሩ ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጊታር የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት 3.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን 12ኛው 1.9 ያህል ብቻ ነው። ትንሽ እጅ እዚያ እንደ ልቧ ናት!

ታዲያ እጅሽ ለምን ይደናበራል? ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አውራ ጣት ነው። ጀማሪ ሰው የጊታሩን አንገት እንደ ዱላ ጨብጦ ይይዛል። አራቱ ጣቶች ሲሄዱ አውራ ጣት ከኋላ ተተክሎ ይቀርና እጁን ይጎትተዋል። አላልተሽ ያዢው፣ አብሮ ይሂድ።

በለመድሽው በትዝታ ቅኝት ሞክሪው። ከታች ያለችውን ቀጭኗን ክር ብቻ ተጠቀሚ። ሦስተኛውን ፍሬት በአመልካች፣ አምስተኛውን በቀለበት ጣትሽ ተጫወቺ። ቀጥሎ 8ኛው ነው። የቀለበት ጣትሽን አንሺ፤ አመልካችሽ ግን ክሩን አይልቀቅ። ጫናውን ብቻ ቀንሰሽ እስከ 8ኛው አንሸራትቺው፣ ስትደርሺ ተጫኚ። 10ኛውን በቀለበት ጣት። ከዚያ አመልካችሽን ወደ 10ኛው አዛውረሽ 12ኛውን በቀለበት ጣት ጨርሺ። አምስቱንም የትዝታ ድምፆች በአንድ ክር ላይ አገኘሻቸው ማለት ነው።

ሁለት ነገር አትርሺ። አንደኛ፣ ከመንቀሳቀስሽ በፊት ቀጣዩን ድምፅ በአፍሽ አዚሚው። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ አዝማሪው ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የሚነግረው ጆሮው ነው። ሁለተኛ፣ ዓይንሽ እጅሽን አይከተል፤ ቀድሞ የሚያርፍበትን ፍሬት ይይ። ቀስ በይ፤ ፍጥነቱ በኋላ ራሱ ይመጣል። ለእረፍት ዳባት ስትሄጂ ደግሞ በዚያ ብርድ በደነዘዘ ጣት አትጀምሪ፣ መጀመሪያ እጅሽን አሙቂ።

የወንድምሽን ነገር በተመለከተ አትጣይው። ንብረቱ የእሱ ነው፣ መሸጥ መብቱ ነው። ‹‹ገዢው ስንት ሰጠህ?›› ብለሽ ጠይቂው። ያንኑ ዋጋ በየወሩ ቀስ እያልሽ ልትከፍይው እንደምትችይ ንገሪው። እምቢ ካለ አንድ ወር ብቻ እንዲታገስሽ ለምኚው። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይህን ከሠራሽ በወሩ መጨረሻ አስቀምጠሽ ተጫወቺለት። ያኔ ስለ ጣትሽ ርዝመት የሚያነሳ አይመስለንም።

በርቺ! ምን እንዳለሽም ጻፊልን።