ስለ ካርድ መክፈቻ

በቀድሞ ዘመን የቤት መክፈቻ በእመቤቲቱ መቀነት ተቋጥሮ ይውል ነበር፤ መክፈቻውን የያዘ ሰው የቤቱን አደራ ይዟልና። ዛሬ ግን በብዙ ሆቴልና በብዙ መሥሪያ ቤት የብረቱን መክፈቻ ስፍራ አንድ ስስ ካርድ ወስዶታል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹ፥ ቶር ሶርነስ የተባለ ኖርዌያዊ 32 ቀዳዳ ሊበሳበት የሚችል የፕላስቲክ ካርድ ለሆቴል በር ሠራ። እያንዳንዱ ስፍራ ወይ ክፍት ወይ ድፍን ስለሚሆን፥ አሰላለፉ ከ4 ሺህ ሚሊዮን በሚበልጥ መንገድ ይለዋወጣል። ስለዚህ ለአዲሱ እንግዳ ሌላ አሰላለፍ ሲሰጥ፥ የፊተኛው ካርድ በሩን መክፈት ይቀርበታል።

ዛሬ የተለመደው ካርድ ቀዳዳም ባትሪም የለውም። በውስጡ የሽቦ ጥቅልልና እጅግ ትንሽ ቺፕ ተቀብሮበታል። በሩ ላይ ወዳለው መሣሪያ ሲጠጋ ኃይልን ከርሱ ተቀብሎ ቍጥሩን ይናገራል። መሣሪያውም ቍጥሩን ከመዝገብ አመሳክሮ ይከፍታል ወይም ይከለክላል፤ በብዙ ስፍራም የገባውን ስምና ሰዓት ይጽፋል።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን ልብ ይበሉ፤ መሣሪያው የሚያውቀው ካርዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ካርዱን ለባልንጀራው ያዋሰ ሹም ስሙን አዋሰ ማለት ነው።

አንድ ወዳጃችን ካርዱ ጠፍቶበት፥ መዘባበቻ እሆናለሁ ብሎ ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ከዕቃ ቤቱ ብዙ ንብረት ጐድሎ ተገኘ፤ መዝገቡም የርሱን ስም አሳየ። ንጹሕነቱን እስኪያስረዳ ድረስ ብዙ ወራት አለፉ፤ ሚስቱና ልጆቹም አብረውት ተጨነቁ። በጠፋበት ሰዓት ተናግሮ ቢሆን ኖሮ፥ መዝገብ ያዡ ቍጥሩን ሰርዞ ካርዱን ከንቱ ፕላስቲክ ያደርገው ነበር። የብረት መክፈቻ ሲጠፋ ቍልፉን መለወጥ ግድ ነው፤ ለካርድ ግን አንድ ቃል ይበቃዋል።

በ2008 ደግሞ በሆላንድ አገር የኔይሜኸን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፥ በብዙ አገር የተስፋፋ አንድ ዓይነት ካርድ ሊገለበጥ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ካርድን በየጠረጴዛው ጥሎ መሄድ አይገባም፤ የክፍሉንም ቍጥር ጽፎ ከርሱ ጋር ማኖር ሌባን መምራት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቤተ ሰባችን ጥፋቱን ሳይፈራ መናገር ይልመድ። ልጁ መክፈቻ ጠፋብኝ ሲለው የሚቈጣ አባት፥ ለሁለተኛው ጊዜ መደበቅን ያስተምረዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፥ የጠፋውን በጊዜው የተናገረውን ልጅ እናመስግነው።