የኮከብ ልውውጥና የእቁብ ተራ

ፌብሩዋሪ በገባ ቁጥር በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሀበሻ ምግብ ቤቶች አንድ ክርክር አይቀርም። የኤንቢኤ ቡድኖች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ቀን የሚዘጋው በዚያ ወር ነውና፣ ዊዛርድስ ማንን ይሽጥ፣ ማንን ያምጣ የሚለው ወሬ ከቡናው ጋር አብሮ ይፈላል። አንዱ «ኮከብ ካልመጣ ይህ ቡድን ሰው አይሆንም» ይላል። ሌላው «ኮከብማ መቼ ጠፋ! የመጣውን ሁሉ እየሸኘን ነው እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ጥግ ላይ የተቀመጠው አንጋፋ ታክሲ ነጂ ደግሞ «ስሙ ቡሌትስ እያለ ይሻል ነበር» ብሎ ይዘጋዋል።

ሁሉም ስም እየጠራ ይከራከራል፤ ዓመት የሚቆጥር ግን የለም። የዚህን ቡድን ታሪክ ላጤነ ሰው ቁም ነገሩ ያለው ከስሙ ላይ ሳይሆን ከዓመቱ ላይ ነው።

እቁብ ለጣለ ሰው ነገሩ አይከብድም። በኤንቢኤ ድራፍት የሚባል፣ አዳዲስ ልጆች በየዓመቱ የሚመረጡበት ሥርዓት አለ። ለጥሎ ማለፍ ያልደረሱት ቡድኖች ዕጣ ውስጥ ይገባሉ፤ ከ2019 ጀምሮ በነበረው ደንብ ብዙ የተሸነፉት ሦስቱ ቡድኖች አንደኛውን ዕጣ የማግኘት ዕድላቸው እኩል በመቶ 14 ነበር። ይህ የመምረጥ ተራ ልክ እንደ እቁብ ተራ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ገንዘብ የቸገረው ሰው ተራውን ለሌላው እንደሚሸጥ ሁሉ፣ ዛሬውኑ ማሸነፍ ያማረው ቡድንም የነገ ተራውን አሳልፎ ይሰጣል።

የዋሽንግተኑ ቡድን ይህንን በኖቬምበር 1994 አደረገ። የ21 ዓመቱን ክሪስ ዌበርን ከጎልደን ስቴት ለማምጣት ቶም ጉግሊዮታንና ሦስት የአንደኛ ዙር ተራዎችን ከፈለ። ዋጋው ከባድ ቢሆንም የመጣው ወጣት ነበርና ብዙ ሰው ደስ አለው። በ1997 ቡድኑ ከ1988 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፍ በቃ። በማይክል ጆርዳን ቺካጎ ሦስት ለባዶ ቢሸነፍም፣ የሦስቱ ጨዋታዎች ልዩነት ተደምሮ 18 ነጥብ ብቻ ነበር። «ትንሽ ቀረን» ተባለ።

ያች «ትንሽ» ግን ትዕግሥት ትፈልግ ነበር። በሜይ 1998 ዌበር በ25 ዓመቱ ወደ ሳክራሜንቶ ተላከ፤ በምትኩ የ32 ዓመቱ ሚች ሪችመንድና ኦቲስ ቶርፕ መጡ። ሪችመንድ በዘመኑ ግሩም ተኳሽ እንደነበረ የሚክድ የለም። ዘመኑ ግን ሊመሽ ነበር። ዌበር ሳክራሜንቶን በ2002 ለዋንጫው ፍጻሜ አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ድረስ አደረሰ፤ ዊዛርድስ ግን እስከ 2005 ጥሎ ማለፍን አላየም።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ነገሩ በዌበር አላበቃም። ራሺድ ዋላስ በ1995 በአራተኛ ተራ ተመርጦ በዓመቱ ለፖርትላንድ ተሰጠ። በድራፍት ማንም ያልመረጠው ቤን ዋላስ በ1996 እዚሁ ሥራ ጀምሮ በ1999 ለአይክ ኦስቲን ተለወጠ። ሪቻርድ ሃሚልተን በ2002፣ በ24 ዓመቱ፣ ለጄሪ ስታክሃውስ ተሰጥቶ ዲትሮይት ገባ። እነሆ በ2004 ዲትሮይት ሌከርስን አራት ለአንድ አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች ሦስቱ እነዚህ ነበሩ። የዋሽንግተን ደጋፊ የገዛ ልጆቹን ሠርግ በሰው ቤት ሆኖ አየ ማለት ነው።

ታዲያ ልውውጥ ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። ቡድኑ ገና ባልቲሞር ሳለ፣ በ1972 ጃክ ማሪንን ሰጥቶ ኤልቪን ሄይስን ከሂዩስተን አመጣ። ሄይስ 26 ዓመቱ ነበር። በጁን 1978 ከዌስ አንሰልድ ጋር ሆኖ ሲያትልን አሸንፎ፣ ቡድኑ እስከ ዛሬ የሚኮራበትን ብቸኛ ዋንጫ አስገኘ። በ2005ም በአንደኛ ተራ ተመርጦ ያልሆነለት ኳሚ ብራውን ለሌከርስ ተሰጥቶ የ25 ዓመቱ ካሮን በትለር መጣ፤ በ2007ና በ2008 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። በሁለቱም የመጣው ሰው ብዙ የመጫወቻ ዓመት ከፊቱ ነበረው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሌላው በሽታ የተገላቢጦሹ ነው፤ መሸጥ በሚገባ ጊዜ አለመሸጥ። ጆን ዎል በ2010 በአንደኛ ተራ፣ ብራድሊ ቢል በ2012 በሦስተኛ ተራ ተመረጡ። በ2017 ከቦስተን ጋር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ደርሰው ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ዎል ተጎዳ፣ በዲሴምበር 2020ም በራስል ዌስትብሩክ ተለወጠ። ብዙዎች «ለምን በዌስትብሩክ?» ብለው ጠይቀዋል። መልሱ ደመወዝ ነው። ከደመወዝ ጣሪያው በላይ የሆነ ቡድን የሚሰጠውና የሚቀበለው ደመወዝ መቀራረብ አለበት፤ ሁለቱ ደግሞ ለዚያ ዓመት እያንዳንዳቸው ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኙ ነበር። እንዲህ ያለ ጭነት በሌላ ጭነት ካልሆነ አይነሳም።

ቢል በ2020ና በ2021 በአማካይ በየጨዋታው ከ30 ነጥብ በላይ ሲያገባ ገበያው የሞቀበት ጊዜ ነበር። ቡድኑ ግን ያዘው፤ በጁላይ 2022 የአምስት ዓመት 251 ሚሊዮን ዶላር ውል ከመስጠቱም በላይ ያለ ፈቃዱ ወደየትም እንዳይዛወር ፈረመለት። ዓመት ሳይሞላ በጁን 2023 ለመለወጥ ሲወሰን፣ መሄጃውን የሚመርጠው ራሱ ቢል ሆነ። ተጫራች በሌለበት ገበያ ምን ዋጋ ይገኛል? ፊኒክስ ክሪስ ፖልን፣ ላንድሪ ሻሜትን፣ የሁለተኛ ዙር ተራዎችንና ተራ የመቀያየር መብት ሰጠ። አንድ እንኳ ሙሉ የአንደኛ ዙር ተራ አልነበረበትም። 11 ዓመት በታማኝነት የተጫወተውን ልጅ በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ለራሱ የሚበጀውን ውል ፈረመ። ታማኝነትና ሒሳብ ለየብቻ መሆናቸውን ማወቅ የነበረበት ቢሮው ነው።

ከዚያ በኋላ የተያዘው መንገድ ሁሉን ሸጦ ከዜሮ መጀመር ነበር። በ2023-24 15 ጨዋታ አሸንፎ 67 ተሸነፈ፤ በቡድኑ ታሪክ የከፋው ውጤት ነው። በተከታዩ ዓመት 18 አሸንፎ 64 ተሸነፈ። በ2024 ሁለተኛውን ዕጣ አግኝቶ አሌክስ ሳርን መረጠ። በ2025 ግን በሽንፈት ከሁሉ ሁለተኛ ሆኖ ሳለ ስድስተኛ ተራ ደረሰው። ዕጣ ዕጣ ነው፤ ለተራበ ቀድሞ አይወጣም።

በመካከሉ ራሱ ቡድኑ ለልውውጥ ቀርቦ ነበር። በዲሴምበር 2023 ባለቤቱ ቴድ ሊዮንሲስና የቨርጂኒያው ገዢ ግሌን ያንግኪን ቡድኑ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ያርድ እንደሚዛወር አስታወቁ። የአሌክሳንድሪያው ወገን «ደጃችን መጣልን» ሲል፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ «ወንዝ ተሻግረን ልንሄድ ነው» ብሎ አጉረመረመ። በማርች 2024 ነገሩ ፈረሰ፤ ዲሲ አዳራሹን ለማደስ 515 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ፣ ቡድኑም እስከ 2050 ሊቆይ ተስማሙ። እናም አንዱ በቀዩ፣ ሌላው በቢጫው ባቡር መጥተው ጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ መገናኘታቸው ቀጠለ።

2050 ረጅም ጊዜ ነው። ዛሬ በወላጁ ትከሻ ላይ ሆኖ የሚያጨበጭብ ሕፃን ያኔ የራሱን ልጅ ይዞ ይመጣል። አባቱ ኳስ ሲባል ጊዮርጊስና ቡና የሚመጡበት ሰው ቢሆንም፣ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የሚከራከርበት ቡድን ይኸው ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ደርሶ የትልቅ ኮከብ ስም ሲነሳ፣ «ስንት ነጥብ ያገባል?» ከማለት በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ይበጃል። የሚመጣው ሰው ስንት ዓመት ይቀረዋል? ለእሱ ሲባልስ የስንት ዓመት ተራ ይሸጣል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ዋሽንግተን ግን አፍስሶ ለቃሚው ዲትሮይት ሆነ።