በጃፓን አገር ጎልማሶች ስለሚያዜሙት የትዝታ ዘፈን

በዚህ ወር ከሩቅ ምሥራቅ ስለ መጣ አንድ ቃል እናወጋለን። ቃሉ «ካራኦኬ» ነው። «ካራ» በጃፓን ቋንቋ ባዶ ማለት ሲሆን፣ «ኦኬ» የተባለው ኦርኬስትራ ከሚለው የውጭ ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ባዶ ኦርኬስትራ እንደ ማለት። ይኸውም የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ድምፅ ሁሉ አስቀድሞ ተቀድቶ ሳለ፣ የዘፋኙ ስፍራ ብቻ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። በዚያ ባዶ ስፍራ ገብቶ የሚያዜመውም ሙያተኛ ዘፋኝ ሳይሆን የቢሮ ጸሐፊው፣ ባለሱቁ፣ የታክሲ ነጂው፣ የቤት እመቤቷ ነው። ይህ ልማድ ዛሬ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። እኛ ግን ለመመልከት የወደድነው መሣሪያውን ሳይሆን፣ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ጃፓናውያን ማይክሮፎኑን በያዙ ጊዜ አዘውትረው የጥንቱን ዘፈን የሚመርጡበትን ምክንያት ነው። (ጃፓናውያን የቤተሰባቸውን ስም አስቀድመው ስለሚጠሩ እኛም እንዲሁ ጽፈናል፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያውን ከፈለሰፉት ሰዎች መካከል ይበልጥ የሚታወቁት ኢኖዌ ዳይሱኬ ናቸው። በ1967 በቶኪዮ ኔጊሺ ሺጌይቺ የተባሉ ሰው ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ የኢኖዌ ታሪክ ግን ለነገራችን ይበልጥ ይስማማል። ኢኖዌ ኮቤ በምትባለው የወደብ ከተማ በየመጠጥ ቤቱ እየዞሩ ለሚያዜሙ እንግዶች በመሣሪያ የሚያጅቡ ሙዚቀኛ ነበሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ደንበኛቸው የሆነ የአንድ ኩባንያ አለቃ ከሠራተኞቹ ጋራ ወደ ፍል ውሃ ለሽርሽር ሲሄድ አብረውት ሄደው እንዲያጅቡት ለመናቸው። እርሳቸውም መሄድ ስላልተቻላቸው፣ የሰውዬውን ድምፅ ልክ ያውቁ ነበርና አጀቡን ለእርሱ እንዲስማማ አድርገው በቴፕ ቀድተው ሰጡት። ሰውዬው ደስ ብሎት ተመለሰ። ከዚህ የተነሣ በ1971 አሥራ አንድ መሣሪያዎች አሠርተው፣ 100 የን እየተጨመረባቸው እንዲጫወቱ ለመጠጥ ቤቶች ማከራየት ጀመሩ። የፈጠራ መብታቸውን በሕግ ስላላስመዘገቡም ታላላቅ ኩባንያዎች ከዚያ በኋላ ያገኙት ትርፍ አልደረሳቸውም። በ2004 በአሜሪካ አገር፣ በቀልድ መልክ የሚሰጠውና ኢግ ኖቤል የሚባለው ሽልማት በሰላም ዘርፍ ተሰጣቸው፤ ምክንያቱም ሰዎች የሌላውን ዘፈን ታግሠው እንዲሰሙ በማድረግ መቻቻልን አስተምረዋል ተብሎ ነው። ቀልድ ቢሆንም እውነት አለበት።

አሁን ወደ ዘፋኞቹ እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ይልቁንም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት የጃፓን ፋብሪካዎችና ሱቆች ሠራተኛ አጥተው ነበር። በሰሜኑ ክፍል ያሉት የገጠር መንደሮች ደግሞ ልጅ ሞልቷቸው እርሻው አልበቃቸውም። ስለዚህ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጆች በየዓመቱ በመጋቢት ወር ገደማ በልዩ ባቡር እየተጫኑ ወደ ቶኪዮ ይላኩ ነበር። አሠሪዎች እነዚህን ልጆች «የወርቅ ዕንቁላል» ይሏቸው ነበር፤ ስሙ ያማረ ነው፣ ኑሮው ግን እንደ ስሙ አልነበረም። ከሰሜን የሚመጣው ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ ኡዌኖ ይባላል። በ1964 ኢሳዋ ሃቺሮ የተባለ፣ እርሱ ራሱ የሰሜኑ የአዎሞሪ ክፍለ አገር ተወላጅ የሆነ ዘፋኝ፣ ስለዚህ ጣቢያ አንድ ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ ከመንደሩ ወጥቶ በከተማ ሱቅ ስለሚሠራ ልጅ የተዘፈነ ሲሆን፣ ጣቢያውን እንደ አገሩ ደጃፍ ይቈጥረዋል። ዛሬ በኡዌኖ ጣቢያ አጠገብ ለዚህ ዘፈን የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል።

እስቲ ዘመኑን አስተያዩት። በ1955 በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ቤት የወጣ ልጅ፣ የኢኖዌ መሣሪያ በተሠራ ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ መሣሪያው በአገሩ ሁሉ በተዳረሰ ጊዜም አርባን እየተሻገረ ነው። ሚስት አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል፣ እስከ ማታ በሥራ ላይ ይቈያል። በባቡሩ መስኮት በኩል እናቱን ያየበትን ቀን ለልጆቹ እንዴት ብሎ ይነግራቸዋል? ቢነግራቸውስ በከተማ ተወልደው ያደጉ ልጆች ምን ብለው ይረዱታል? እነሆ መሣሪያው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሦስት ደቂቃ ያህል ስለ ኡዌኖ ጣቢያ ያዜማል፤ ስለ ራሱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ አብረውት ያሉት ግን ሰምተውታል። አንዳንድ ሰዎች ካራኦኬን የሰካራም ጩኸት ብቻ ነው እያሉ ይንቁታል። ጩኸቱ ሐሰት አይደለም፤ ብዙ ጎረቤትም እንቅልፍ አጥቷል። ነገር ግን ከዚያ ጩኸት መካከል እንዲህ ያለው ነገር እንዳለበት ሳያዩ መናቅ የችኮላ ፍርድ ይመስለናል።

ከዚያው ጣቢያ ወደ ሰሜን የሚመለስ ዘፈንም አለ። በ1977 ኢሺካዋ ሳዩሪ የተባለች ዘፋኝ ስለ ጹጋሩ ወሽመጥ ክረምት ያዜመችው ነው፤ ግጥሙን የጻፈው አኩ ዩ፣ ዜማውን የደረሰው ሚኪ ታካሺ ነው። በዘፈኑ ውስጥ አንዲት ሴት ከኡዌኖ በሌሊት ባቡር ተነሥታ በአዎሞሪ በበረዶ መካከል ትወርዳለች፤ ከዚያም ወደ ሆካይዶ ደሴት የሚያሻግረውን መርከብ ትሳፈራለች። የምትለየው ሰው ማን እንደ ሆነ በግልጥ አይነገርም። መርከቡ ከአዎሞሪ እስከ ሃኮዳቴ ለመድረስ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር፤ ባሕሩም አስፈሪ ነው። በ1954 ቶያ ማሩ የተባለው መርከብ በዐውሎ ነፋስ ሰጥሞ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። ከዚህ መቅሠፍት የተነሣ ከባሕሩ በታች መንገድ እንዲቆፈር የሚጠይቀው ድምፅ በረታ፤ 53.85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሴይካን ዋሻም በመጋቢት 1988 ተከፈተ። ከ1908 ጀምሮ ሲመላለስ የነበረው የመርከብ አገልግሎት በዚያው ዓመት ቀረ። ዘፈኑ ግን አልቀረም። ዛሬ ያንን ዘፈን የሚያዜም ሰው፣ ከሌለ ባቡር ወርዶ ወደ ሌለ መርከብ ይገባል ማለት ነው። ከመርከቦቹ አንዱ ሃኮዳ ማሩ በአዎሞሪ ወደብ ሙዚየም ሆኖ ታስሯል።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚሆን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። እንዲህ ያለውን የጃፓን ዘፈን፣ ይልቁንም «ኤንካ» የሚባለውን፣ የሰማ ኢትዮጵያዊ ቃሉን ባያውቅም ዜማው ለጆሮው አይርቅበትም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ብዙው ኤንካ «ዮናኑኪ» በሚባል ቅኝት የተሠራ ነው። ዮናኑኪ ማለት አራተኛውና ሰባተኛው የወጡለት ማለት ሲሆን፣ ከሰባቱ የአውሮፓ ድምፆች እነዚህ ሁለቱ ተቀንሰው አምስት ብቻ ይቀራሉ። የእኛም ክራር ደርዳሪ በትዝታ ቅኝት ሲቃኝ አምስት ድምፅ ይዞ ነው። ሙዚቀኞቻችን ትዝታ ሜጀርና ትዝታ ማይነር የሚሏቸው ሁለቱ ዐይነቶች፣ የድምፆቻቸው ርቀት ከሁለቱ የዮናኑኪ ዐይነቶች ጋራ አንድ ነው። አንዱ ከሌላው ተቀዳ ለማለት አይደለም፤ የጃፓኑ ቅኝት በሜይጂ ዘመን ከአውሮፓ ሙዚቃ ጋራ በመገናኘት የተደላደለ ነው። ነገር ግን ሁለት እጅግ የተራራቁ ሕዝቦች ያለፈውን ለማስታወስ በአንድ ዐይነት ድምፅ መጠቀማቸው ያስደንቃል።

ባዶው የዘፋኝ ስፍራ ሌላም ትርጉም አለው። ሳካሞቶ ኪዩ የተባለው ዘፋኝ በ1961 ያወጣው ዘፈን በ1963 በአሜሪካ አገር ለሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ነበር። (የውጭ አገር ሰዎች ስሙን መጥራት ቢቸግራቸው «ስኪያኪ» አሉት፤ ስኪያኪ የበሬ ሥጋ ወጥ ነው፣ ከዘፈኑ ጋራ ምንም አያገናኘውም።) ሳካሞቶ በነሐሴ 1985፣ 520 ሰዎች ባለቁበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሚሶራ ሂባሪ ደግሞ ከጦርነቱ ማግሥት ጀምሮ፣ ገና በሕፃንነቷ፣ የተቃጠሉ ከተሞችን ሕዝብ ስታጽናና የኖረች ናት። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በጥር 1989 በሞቱ በአራተኛው ቀን፣ ሕይወትን በወንዝ ጉዞ የሚመስል ዘፈን አወጣች፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በሃምሳ ሁለት ዓመቷ አረፈች። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘመን፣ አንዲት ዘፋኝ በስድስት ወር ውስጥ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ይህን ዘፈን በካራኦኬ የሚያዜሙ ሰዎች በእርሷ ስፍራ ቆመው ነው የሚያዜሙት፤ ብዙዎችም ከመጨረሻው በፊት ድምፃቸው ይዘጋል። መሣሪያው ግን አይጠብቃቸውም፤ እስከ መጨረሻው ይጫወታል።

ስለ ሥርዓቱም ጥቂት እንበል። እያንዳንዱ ሰው የእኔ የሚለው አንድ ዘፈን አለው፤ ይህንንም «ዐሥራ ስምንተኛ» ይሉታል። ስሙ የመጣው ካቡኪ ከተባለው የጥንት ቲያትር ነው፤ በዚያ አንድ ታላቅ የተዋንያን ቤተሰብ ዐሥራ ስምንት ተውኔቶችን መርጦ የራሱ አድርጎ ነበርና። የበታች ሠራተኛ የአለቃውን ዐሥራ ስምንተኛ ቀድሞ ቢያዜም እንደ ድፍረት ይቈጠርበታል። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ዘፈኑ ሲያልቅ ከመቶ ማርክ ይሰጣሉ። እኛ ይህን አልወደድነውም፤ መሣሪያው ድምፁ ልክ መሆኑን እንጂ ሰውዬው ለምን እንዳዜመ አይመረምርምና።

ለቤተሰብ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በኦካያማ ክፍለ አገር የጭነት መያዣ የብረት ሣጥን ወደ ማዜሚያ ክፍል ተለውጦ በመንገድ ዳር ቆመ። ይህ የ«ካራኦኬ ቦክስ» መጀመሪያ ነው። ዘፈኑ ከመጠጥ ቤት ወጣ፤ ጎረቤት አረፈ፤ እናት ከልጆቿ ጋራ፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋራ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ተራ በተራ ማዜም ጀመሩ። አባት በመጠጥ ቤት ለባልደረቦቹ ብቻ ያሰማ የነበረውን ዘፈን ልጆቹ የሰሙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ክፍል ነው።

የባቡሩ ልጆች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። የዛሬዎቹ ጎልማሶች የሚያዜሙት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የወጣውን ነው፤ ለምሳሌ የያማጉቺ ሞሞዬን። ሞሞዬ በ1973 በዐሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ፣ በጥቅምት 1980 በሃያ አንድ ዓመቷ ለማግባት ስትል ማይክሮፎኗን በመድረኩ ወለል ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ወደ መድረክም አልተመለሰችም። በዚያን ቀን ተማሪ የነበረችው ሴት ዛሬ ልጆች ያሳደገች ናት፤ ያንን ዘፈን ስትመርጥ የምታስበው ሞሞዬን ይሁን ወይስ የራሷን የዐሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ፣ ልጆቿ ቢጠይቋት መልካም ነው።

በመሣሪያው ላይ የዜማውን ከፍታ ዝቅ የሚያደርግ ቍልፍ አለ። ኢሺካዋ ሳዩሪ የጹጋሩን ዘፈን ባወጣች ጊዜ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ አብረዋት ያዜሙ የነበሩት ሴቶች ዛሬ በስድሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ዘፈኑን ከመረጡ በኋላ አጀቡ ሳይጀምር ያንን ቍልፍ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ይጫኑታል።