«ትምህርት ቤት አልሄድም» ያለ ልጅ

በአሜሪካ የምትኖር አንዲት እህት፣ «የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ከእንግዲህ በራሴ እማራለሁ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል። አባቱ በቁጣ ሊመልሰው ይፈልጋል፤ እኔ ግራ ገብቶኛል» ስትል ጠይቃኛለች።

ሐሳቡ ልጁ የፈጠረው አይደለም። ጆን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ መምህር፣ ልጅ ሳይገደድ የሚያግዘው ካገኘ በገዛ ጉጉቱ ይማራል እያለ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ጀመረ። በ1991 ደግሞ ግሬስ ሉዌሊን የተባለች የቀድሞ መምህርት በቀጥታ ለወጣቶቹ መጽሐፍ ጻፈች። ዛሬ በ50ዎቹም ግዛቶች ልጅን ቤት ማስተማር ሕጋዊ ነው፤ ደንቡ ግን ይለያያል። በጀርመን ያላችሁ፣ እዚያ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ መሆኑን አትዘንጉ። በስዊድንም ከ2010ሩ ሕግ ወዲህ የተለየ ምክንያት ከሌለ አይፈቀድም።

እህቴ ሆይ፣ ከሕጉ በፊት ልጁን ስሚው። ከምን እየሸሸ ነው? የሚያስፈራራው ልጅ ይኖር ይሆን? ንባብ ከብዶት አፍሮ ይሆን? ወይስ ቀኑን ሙሉ ሊሠራው የሚመኘው ነገር አለ? የሚሸሽ ልጅ ቤት ቢውልም ጭንቀቱ አብሮት ይውላል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርዳታ ነው። የሚፈልገውን የሚያውቅ ልጅ ግን ሌላ ነው።

«እኔ አልጄብራ የት አውቄ?» ትይኝ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ እናት ሁሉን አታስተምርም። ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም ቤት የሚማሩ ወጣቶችን ይቀበላሉ። ጋራዥ ያለው አጎትም አስተማሪ ነው። ያንቺ ድርሻ በየማታው «ዛሬ ምን ገባህ? ምንስ አስቸገረህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አባትና እናት ሁለት ፈረቃ እየሠሩ ልጁ ከስልኩ ጋር ብቻውን የሚውል ከሆነ ግን፣ እኔ ይህን ቤት ማስቀመጥ እለዋለሁ እንጂ ቤት ማስተማር አልለውም።

አንዳንዶች ዘዳግም ምዕራፍ 6ን ጠቅሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከውን ወላጅ ይወቅሳሉ። ምዕራፉ የጌታን ቃል በቤትም በመንገድም ለልጆች ስለ ማስተማር ይናገራል፤ ሒሳብ የት ይማሩ አይልም። ለሚልከውም ለማይልከውም ወላጅ ያው ትእዛዝ ነው።

ከባልሽ ጋር ተስማምታችሁ ከወሰናችሁ፣ ነዋሪነታችሁ በቨርጂኒያ ከሆነ እስከ ኦገስት 15 ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳየው ማስረጃ የሚቀርበው በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ነው። በሜሪላንድ ደግሞ የልጁ ሥራ ተሰብስቦ ይታያል። ስለዚህ ያነበበውን መጽሐፍ፣ የሠራውን ሥራና የፈጀበትን ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ራሱ በደብተር ይመዝግብ። ኮሌጅ ሲያመለክት ትራንስክሪፕቱን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ።